ዛፍ ላይ ያደረ አይተኛም

ጥር 27 ቀን 1944 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ኬንያ ውስጥ ኒየሪ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ የ25 ዓመቷ ልዕልት ኤልሳቤጥ ከባለቤታቸው ጋር የጫካውን መንገድ በእግር አቋርጠው ዛፍ ላይ ወደተሠራ ቤት በመሰላል ወጡ። መሰላሉ ሥር ሲደርሱ የዝሆን መንጋ ኩሬው ዳር ቆሞ ነበር። ልዕልቲቱ ሳይደናገጡ ወጥተው ሰገነቱ ላይ ቦታ ያዙና ካሜራቸውን አውጥተው ዝሆኖቹን ሲቀርጹ አመሹ። በዚያው ሌሊት አባታቸው ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ እንግሊዝ አገር በተኙበት አረፉ። ልጃቸው ንግሥት መሆናቸውን ሳያውቁ ነጋላቸው። ከዛፉ ወርደው ሳጋና ወደሚባለው ማረፊያቸው ከተመለሱ በኋላ ነው ባለቤታቸው መርዶውን የነገሯቸው። (በ1957 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥተው የጃንሆይ እንግዳ የሆኑት ንግሥት እኚሁ ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ ስለተነገረ ቤቱ በዓለም ዝናው ናኘ። ዛፍ ላይ ማደር ሲባልም እንደ ትልቅ ወግ መቆጠር ጀመረ። በዚያ ሌሊት ግን እዚያው ዛፍ ላይ እንቅልፍ ያላየ ሌላ ሰው ነበር። ጂም ኮርቤት ይባላል። ሕንድ ውስጥ ሰው መብላት የለመዱ ነብሮችን በማደን ስሙ የገነነ፣ በኋላም ኬንያ ገብቶ የኖረ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነው። እንግዶቹ ሲተኙ እሱ መሰላሉ አናት ላይ ጠመንጃውን ይዞ ተቀምጦ አደረ። ልዕልት ሆነው ወጥተው ንግሥት ሆነው ወረዱ የሚለውን ነገር በእንግዶች መዝገብ ላይ የጻፈውም እሱ ነው።

እኔ ስለዚህ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣሁት በኮርቤት ምክንያት ነው። ዛፍ ላይ ማደር የሚባለውን ነገር በየትኛውም አገር ብታዩት አንድ የማይተኛ ሰው አለበት።

ቤቱ ትሪቶፕስ ይባላል። ኒየሪ ላይ አውትስፓን የሚባል ሆቴል የነበራቸው ኤሪክ ሸርብሩክ ዎከርና ባለቤቱ ሌዲ ቤቲ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲሠሩት ባለ ሁለት ክፍል ጎጆ ነበር። ሐሳቡ የሚስትየው ነው ይባላል፤ በእንግሊዝ ልጆች ዘንድ ከታወቀው ከፒተር ፓን ተረት የመጣ። ያረፈበት ዛፍ ግን ተረት አልነበረም። የአገሩ ባለቤቶች ኪኩዩዎች ሙጉሞ የሚሉት፣ የሾላና የዋርካ ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። ኪኩዩዎች ሙጉሞ ሥር መሥዋዕት ያቀርባሉ፤ ዝናብ ይለምናሉ፤ አይቆርጡትም። እንግዲህ የእኛ አገር ሰው አድባር ብሎ ቅቤ የሚቀባው ዋርካ ላይ የባዕድ አገር ሰው ወጥቶ አልጋ ቢዘረጋበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

የቤቱ አሠራር ቀላል ነበር፤ ብልሃቱም እዚያ ላይ ነው። ከቤቱ ፊት ኩሬ አለ። ኩሬው ዳር ጨው ይነሰነስ ነበር። ዝሆን፣ አውራሪስና ጎሽ ጨው ወዳድ ናቸውና ሲመሽ ከጫካው እየወጡ ይመጡ ነበር። መሬቱን በጥርሳቸውና በኮቴያቸው እየቆፈሩ ጨዋማውን አፈር ይልሱ ነበር። መብራቱ የጨረቃ ብርሃን እንዲመስል ደብዘዝ ብሎ ስለሚበራ አውሬው ለምዶት ነበር። እንግዳው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከላይ ይመለከት ነበር። በኋለኛው ዘመን ደግሞ በየክፍሉ ደወል ተገጠመ። የሌሊቱ ጠባቂ ኩሬው ዳር ምን እንደመጣ እያየ ደወሉን እንደ አውሬው ዓይነት ቆጥሮ ይደውል ነበር፤ የፈለገ ይነሣል፣ ያልፈለገ ተገላብጦ ይተኛል። እዚህም ላይ ልብ በሉ፤ ሌሎቹ እንዲተኙ አንድ ሰው ነቅቶ ማደር አለበት።

ልዕልቲቱ ከወረዱ ስምንት ወር በኋላ፣ በጥቅምት 1952 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ኬንያ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። መሬታቸውን የተነጠቁት ኪኩዩዎች ማው ማው በሚባለው ንቅናቄ ተነሥተው ትሪቶፕስ ያለበትን የአበርዴርን ጫካ ምሽግ አደረጉት። ሜይ 27 ቀን 1954 ትሪቶፕስ ተቃጠለ። ለምን እሱን ለይተው እንዳቃጠሉት ሁለት ነገር ይነገራል። አንዱ የንግሥቲቱ ስም የተያያዘበት የባዕድ አገዛዝ ምልክት ስለሆነ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ከፍ ያለና ሩቅ የሚያሳይ በመሆኑ ወታደሮች አርበኞቹን ሊሰልሉበት ወጥተውበት ስለነበር ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን ሁለተኛው ያሳምነኛል። የመዝናኛ ጎጆ ጦርነት ሲመጣ በአንድ ቀን የጦር ማማ ይሆናል፤ ከፍታ ለሁሉም ያገለግላል።

የአርበኞቹ መሪ ዴዳን ኪማቲ በጥቅምት 1956 እዚያው አካባቢ ቆስሎ ተያዘ፤ በየካቲት 1957 ተሰቀለ። በዚያው በ1957 ትሪቶፕስ እንደገና ተሠራ። አዲሱ ግን ዛፍ ላይ አልነበረም። ከኩሬው ማዶ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆመ፣ በየጊዜው እያደገ የሄደ ባለ ብዙ ክፍል ሆቴል ሆነ። ንግሥቲቱ በ1983 ተመልሰው ሲመጡ ያገኙት ይህን ነው። ጫካውም ያው አልነበረም። ጨውና ውኃው የሳባቸው ዝሆኖች በየዓመቱ ዛፉን ሲልጡና ሲገነድሱ ኖረው የኩሬው ዙሪያ ገላጣ ሆኖ ነበር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ በ2021 ሆቴሉ ተዘጋ፤ ንግሥቲቱ በመስከረም 2022 ሲያርፉም በሩ እንደተዘጋ ነበር።

አበርዴር ላይ ከሆቴሉ የበለጠ የሚደንቅ ነገር አለ፤ የቱሪስት መጽሔቶች ግን ብዙ አያወሩለትም። አጥር ነው። ራይኖ አርክ የሚባል ድርጅት ከመንግሥትና ከአካባቢው ገበሬዎች ጋር ሆኖ ጫካውን በሙሉ በኤሌክትሪክ ሽቦ ከበበው። ሥራው ሃያ ዓመት ያህል ፈጅቶ በ2009 ሲያልቅ ርዝመቱ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ደርሶ ነበር። መነሻው አውራሪስን ከአዳኝ ለማዳን ነው። ጥቅሙን በቶሎ ያዩት ግን ከጫካው ጥግ በቆሎና ድንች የሚዘሩት ገበሬዎች ናቸው። ከአጥሩ በፊት ሌሊቱን እሳት አንድደው፣ ቆርቆሮ እየደበደቡ ነበር የሚያድሩት። እንግዳው ዝሆን ይምጣልኝ ብሎ ከፍሎ ዛፍ ላይ ሲያድር፣ ገበሬው ዝሆን አይምጣብኝ ብሎ ማሳው ውስጥ ሲያድር ኖሯል።

እኛ ዘንድ 400 ኪሎ ሜትር አጥር የለም። ማማ አለ።

በሰሜን ሸዋ ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ ባለው የማሽላ አገር፣ ኅዳር ላይ ያደርኩበት ማማ አንድ ያረጀ ግራር ላይ ነበር። በሁለቱ የግራሩ ቅርንጫፎችና ከታች በተተከሉ ሁለት ባላዎች ላይ ርብራብ ተዘርግቷል፤ በላዩ የማሽላ አገዳ ተነጥፏል፤ ከላይ የሣር ክዳን አለው። ስፋቱ ሁለት ሰው አጥፎ የሚያስተኛ እንጂ የሚያዘረጋ አይደለም። መሰላሉ እርከን የተፈለጠበት አንድ ወፍራም ግንድ ነው። የማማው ባለቤት ስልሳን የተሻገሩ ጠና ያሉ ገበሬ ናቸው። ጫማዬን አውልቄ እንድወጣ አደረጉኝ፤ ከወጣሁ በኋላም ወዲያ ወዲህ ስል አይተው ሳቁ።

«ዝንጀሮም መጀመሪያ የመቀመጫዬን ነው ያለችው» አሉኝ። «ተደላድለህ ተቀመጥ፤ ሌሊቱ ረጅም ነው።»

«ጋሼ፣ ማማው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ዛፉ የአባቴ ነው። ርብራቡን ግን በየዓመቱ እንለውጠዋለን፤ ምስጥ አያስቀምጠውም። ያ ጠፍር ይታይሃል? እሱን ግን አልለውጠውም።»

ያሳዩኝ ርብራቡ ከባላው ጋር የተጠፈረበትን የበሬ ቆዳ ነው። ጠፍሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ እንደ ገመድ ሲተጣጠፍ፣ እንጨቱ ላይ አጥብቀው ይጠመጥሙታል። ሲደርቅ ቆዳው ይኮማተርና እንጨቱን ነክሶ ይይዘዋል። በጣቴ ነካሁት፤ አጥንት ይመስላል። ምስማር ቢሆን እንጨቱ በንፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ቀዳዳው እየሰፋ ይላቀቅ ነበር። ጠፍር ግን ከዛፉ ጋር አብሮ ይወዛወዛል። ዛሬ ዛፍ ላይ ቤት የሚሠሩ ምዕራባውያን መሐንዲሶች የሚጨነቁበት ነገር ይኸው ነው። ዛፍ ያድጋል፣ ይወፍራል፣ በንፋስ ያጎነብሳል፤ ቤቱን አጥብቀህ ካሰርከው ወይ ቤቱ ይሰነጠቃል ወይ ዛፉ ይታነቃል። ስለዚህ ወለሉ በብረት መያዣ ላይ ወዲያ ወዲህ እንዲንሸራተት አድርገው ይሠሩታል።

ማማ ለምን ከፍ ይላል? አንዱ ምክንያት ማሽላው ነው። የአገር ማሽላ ከሰው ቁመት በላይ ስለሚያድግ መሬት ላይ የቆመ ጠባቂ ከአፍንጫው ፊት ካለው አገዳ በቀር የሚያየው የለም። ከላይ ሲሆን ግን የማሽላው ራስ እንደ ውኃ ይተኛለታል፤ አንድ ቦታ ላይ ያለ ንፋስ ከተናወጠ እዚያ ሥር አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ሁለተኛው ሽታ ነው። የሌሊት አውሬ ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል፤ የሰው ጠረን ከፍ ብሎ ሲያልፍ ቶሎ አይደርሰውም።

ሌሊት የሚመጡት ጃርትና የዱር አሳማ ናቸው። ጃርት አገዳውን ከሥሩ ገዝገዝ አድርጎ ይጥልና የማሽላውን ራስ ይበላል። አሳማ ግን በቤተሰብ ነው የሚመጣው፤ ከሚበላው የሚረግጠው ይብሳል። የጠባቂው መሣሪያ ወንጭፍ፣ ጅራፍ፣ ባትሪ፣ ውሻና የገዛ ድምፁ ነው። ጅራፉ ሲጮህ እንደ ጥይት ያስተጋባል፤ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የተባለው ለተረት ብቻ አልነበረም። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጥሪው ነው። በየማሳው ማማ አለ፤ በየማማው ሰው አለ። በየተወሰነ ጊዜው አንዱ «አለህ?» ብሎ ይጣራል። ቀጣዩ «አለሁ!» ይላል፤ እሱም በተራው ከእሱ ማዶ ላለው ይጣራል። ድምፁ እየራቀ ሄዶ ይጠፋል። መልስ ያልሰጠ ሰው ተኝቷል፤ የጎረቤቱ ማሳም በእሱ በኩል ክፍት ሆኗል ማለት ነው። ጠዋት ላይ ይወቀሳል።

እኔ ማሸለብ ስጀምር ብርዱ ቀሰቀሰኝ። ቀን ላይ የሚያቃጥለው ቆላ ሌሊት ላይ፣ ያውም ከፍ ብሎ ላደረ፣ ይበርዳል። መሬት ላይ የተኛ ሰው ነፋስ የሚያገኘው ከላይ ብቻ ነው፤ ማማ ላይ ግን ነፋሱ በርብራቡ ሥር ገብቶ ጀርባህን ያገኘዋል። ጋቢውን ከላይ ከመደረብ ከሥር ማንጠፍ እንደሚሻል ያስተማሩኝ ባለ ማማው ናቸው። ጥንቅሽ እየላጡ ሰጡኝ። ጥንቅሽ እያኘኩ ማደር እንቅልፍ ይከለክላል፤ አፉ የሚሠራ ሰው አይተኛም ይላሉ።

ስለ መውደቅ ጠየቅኋቸው። ሳቁን ተዉት። አንድ ዘመዳቸው ባንኖ ሲነሣ ማማ ላይ መሆኑ ጠፍቶት አንድ እርምጃ እንደተራመደ ነገሩኝ። ክንዱን ነው የሰበረው፤ ወጌሻ አሽቶት ዳነ፤ ግን ወንጭፍ አይወነጭፍም። ከፍ ብሎ ለሚያድር ሰው ዋናው ጠላቱ አውሬው አይደለም፤ መሬት ነው።

ይህ ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ብሔራዊ ሙዚየማችን ያለችው ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናት፣ ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም የሚል ጥናት ኔቸር መጽሔት ላይ በነሐሴ 2016 ወጥቷል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ አጥንቷን በራጅ ካነሡ በኋላ የቀኝ ትከሻዋ ስብራት፣ ሰው ከከፍታ ሲወድቅ እጁን ዘርግቶ ለመደገፍ ሲሞክር የሚደርስበትን ይመስላል ብለዋል። እንደ ግምታቸው ከ12 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ነው የወደቀችው። ሁሉም አልተቀበላቸውም። አጥንቷን ሐዳር ላይ ያገኘው ዶናልድ ጆሃንሰንና ሌላው የዘርፉ አንጋፋ ቲም ዋይት፣ እንዲህ ያለ መሰነጣጠቅ አፈር ውስጥ ሚሊዮን ዓመት በተቀበረ በማንኛውም የእንስሳ አጥንት ላይ ይታያል ሲሉ ተቃውመዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። የካፕልማን ሐሳብ ግን አንድ ነገር ያስታውሰናል። ድንቅነሽ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም ያልበለጠ፣ እሳት የማታውቅ ፍጥረት ነበረች፤ ሲመሽ ከጅብና ከሌላ አዳኝ አውሬ የምታመልጥበት ቦታ ዛፍ ካልሆነ ሌላ ምን ነበር? የሥጋ ዘመዶቻችን ቺምፓንዚዎች ዛሬም በየምሽቱ ቅርንጫፍ አጥፈው፣ ቅጠል ጎዝጉዘው አዲስ አልጋ ይሠራሉ፤ በማግስቱ ትተውት ይሄዳሉ።

ሊነጋጋ ሲል የጃርቱ ሰዓት አበቃ፤ የወፉና የዝንጀሮው ጀመረ። ዝንጀሮ ራሱ ከፍ ብሎ አዳሪ ነው፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ያሳልፍና ፀሐይ ስትሞቅ ይወርዳል። ግሪሳ ወፍ ደግሞ በመንጋ ነው፤ አንዷ ወፍ በቀን የምትበላው ከ10 ግራም አይበልጥም፤ መንጋው ግን በመቶ ሺህና በሚሊዮን ሲቆጠር አንድ ማሳ በጥቂት ቀን ገለባ ይሆናል። ግሪሳ ሲበረታ የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአውሮፕላን መድኃኒት ይረጫል። በሌላው ጊዜ መድኃኒቱ ልጅ ነው።

የባለ ማማው የልጅ ልጅ ወንጭፉን አንገቱ ላይ አድርጎ መጣና አያቱን ተካ። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አምስተኛ ክፍል። ትምህርት ቤት ለምን አልሄድክም አልኩት።

«ማሽላው ሲታጨድ እገባለሁ፣ ጋሼ።»

አያትየው አንገታቸውን አቀረቀሩ። ሌሊት ላይ እሳቸው፣ ቀን ላይ ልጁ ካልወጣ ዘንድሮ የሚበላ የለም። ይህ የሰነፍ ወላጅ ታሪክ አይደለም። ከጫካ ዳር፣ ከገደል ሥር ባለ ማሳ የሚያርስ ገበሬ ሁሉ ከምርቱ ላይ ለአውሬው ግብር ይከፍላል። ግብሩ የሚቆረጠው ከእህሉ ብቻ አይደለም፤ ከእንቅልፉና ከልጁ ትምህርትም ነው። ኬንያ በ2013 ባወጣችው የዱር እንስሳት ሕግ አውሬ ላጠፋው ሰብል ካሳ እንዲከፈል ደንግጋለች። ካሳው በጊዜው አይደርሰንም የሚል እሮሮ ቢበዛም፣ ቢያንስ ጉዳቱ የገበሬው ብቻ እንዳልሆነ ሕጉ አምኗል።

አሁን አሁን እኛም አገር ዛፍ ላይ የተሠራ ማረፊያ፣ ከፍ ያለ ጎጆ፣ ጫካ ውስጥ ማደር የሚሉ ማስታወቂያዎች እየበዙ ነው። እኔ አልቃወምም። ሰው ከተማ ውስጥ ተወልዶ ከተማ ውስጥ ከሚያረጅ አንድ ሌሊት እንኳ የቅርንጫፍ ሲጢጥታ ሰምቶ ቢያድር ደስ ይለኛል። ግን እንዲህ ያለ ማረፊያ የሚሠሩ ሰዎች መሐንዲስ ከውጭ ከማስመጣታቸው በፊት ማማ ሲሠራ የኖረውን ገበሬ ቢጠይቁ ገንዘባቸው ይተርፋል፤ ወለላቸውም አይሰነጠቅም። የሌሊት ጠባቂ ሲቀጥሩም ሌላ ቦታ አይሂዱ።

አንባቢም ዛፍ ላይ ማደር ካማረው ሩቅ አገር መሄድ የለበትም። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ማሽላው እሸት ሲሆን፣ የማሽላ አገር ወዳጅ ወይም ዘመድ ይፈልግ። ሁለት ጋቢ፣ አንድ ባትሪና የሚታኘክ ነገር ይያዝ። የማማው ባለቤት ሳይጋብዘው አይውጣ፤ ከወጣም የሌሊቱን ተራ ሙሉውን ይጠብቅ፤ «አለህ?» ሲባል ይመልስ። ሲወርድም የአንድ ሌሊት አልጋ ኪራይ የሚያህል ገንዘብ ለባለ ማማው ይስጥ፤ ለአንድ ሳምንት የወፍ ጠባቂ መቅጠሪያ ይሆናቸዋል፤ ልጁም ያን ሳምንት ትምህርት ቤት ይውላል።